ሽርክናን ማን ይጠብቅ?



ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ጠርታችሁ የድካማችሁ ፍሬ ምስክር እንድሆን ስላደረጋችሁኝ ምስጋናዬ ብዙ ነው። የቴክኖሎጂ ምሩቃን እንደ መሆናችሁ ስለ መሣሪያና ስለ ሕንፃ የምናገር ይመስላችሁ ይሆናል፤ ነገር ግን ብዙዎቻችሁ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከመሣሪያው ይልቅ ሁለት ድርጅቶች የተዋዋሉትን ሽርክና በኃላፊነት ስትጠብቁ ስለምትገኙ፣ የመረጥሁት ነገር ሴትና ወንድ ሥራ አስኪያጆች ሽርክናን በየራሳቸው ጠባይ ይጠብቃሉ የሚባለውን ነው።

የተለመደው አነጋገር ወንዱ በውል አንቀጽ፣ በሚዛንና በቅጣት፣ ሴቲቱ ግን በመጠየቅ፣ በማስታረቅና በእምነት ትጠብቃለች ይላል። ይህ ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም፣ ከአጋሮና ከሊሙ ገነት ወደ ጅማ የሚወርደውን የቡና ንግድ ለተመለከተ ሰው የሚጸና አይደለም። ቡናው ከገበሬው ወደ ሰብሳቢው፣ ከሰብሳቢው ወደ አቅራቢው፣ ከአቅራቢው ወደ ላኪው ሲተላለፍ፣ እሸቱ በቀይነቱ መለቀሙና ጀንፈሉ በደንብ መድረቁ የሚታመነው አብዛኛውን ጊዜ በትውውቅ ስለ ነበረ፣ ነጋዴው ከሚያውቀው ሰው ውጭ ለመገበያየት ይሠጋ ነበር። ይህን የትውውቅ ገበያ፣ በደረጃና በመጋዘን ደረሰኝ የሚመራ፣ ገዥው ሻጩን ሳያውቅ የሚገዛበት ሥርዓት እንዲተካው ያደረጉት፣ አስቀድመው የእህል ገበያንና የደላሎቹን ሥራ በጥናት የመረመሩት፣ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በመጀመሪያ ሥራ አስፈጻሚነት የመሩት ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ናቸው። በአንጻሩ በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመውን የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን እየመሩ፣ ባሕር ማዶ ተሻግረው ከገዥዎች ጋር ፊት ለፊት በመገናኘትና የገበሬውን ኑሮ በመተረክ ወዳጅነትን የንግድ መሠረት ያደረጉት አቶ ታደሰ መስቀላ ናቸው። አነጋገሩ እውነት ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ወንበር መለዋወጥ ነበረባቸው።

በውጭው ዓለምም በ2009 እ.ኤ.አ. የምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ለውልና ለድርጅት መርማሪው ለኦሊቨር ዊሊያምሰን፣ ከሴቶችም ሽልማቱን መጀመሪያ ለተቀበሉት ለኤሊኖር ኦስትሮም በአንድነት ተሰጥቷል፤ ስለ ጋራ ሀብትና ስለ መተማመን የጻፉት ኦስትሮም ራሳቸው፣ ተቆጣጣሪና ደረጃ በደረጃ የሚከብድ ቅጣት የሌለው ኅብረት እንደማይዘልቅ አስረድተዋል።

ልዩነት ጨርሶ የለም ግን አልልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ፣ ከሚስት የሥራ ገቢ በቀር የጋራ ሀብትን ማስተዳደር ለእርሱ በሰጠበት ዘመን፣ ቤቱን ወይም መጋዘኑን እንደ ልቧ አስይዛ መበደር የማይሆንላት ነጋዴ ሸሪኳን በአንቀጽ ልታስፈራራ ከቶ አይቻላትም ነበር፤ የቀራት መሣሪያ ቃሏን መጠበቅና ሰውን በመልካም መያዝ ነበረና፣ ከማጣት የተወለደው ይህ ብልሃት ኋላ የሴት ጠባይ ተብሎ ተጠራ። በሀብት አስተዳደር ባልና ሚስትን እኩል ያደረገው የተሻሻለው የፌደራል የቤተሰብ ሕግ የወጣው በ1992 ዓ.ም.፣ ማለት ይህ ዩኒቨርሲቲ በተመሠረተበት ዓመት ሲሆን፣ ብዙ ክልሎችም የየራሳቸውን አወጡ። ሕጉ ተለውጦ ሳለ የሥራ ድልድሉ በየቢሮው እንዳለ መቅረቱ የሚያሳፍር ነው፦ እንግዳ መቀበልና የተቀየመን ማባበል ለሴቲቱ፣ ናሙና ማስወሰድ፣ ሚዛን ማንበብና መፈረም ለወንዱ። እንዲህ ከፋፍሎ ሲያበቃ በሁለቱ መካከል የተፈጥሮ ልዩነት አገኘሁ የሚል ሰው፣ ያገኘው የገዛ እጁን ሥራ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አቅራቢና ላኪ በቀጥታ የግብይት ትስስር እንዲዋዋሉ ስለ ተፈቀደ፣ ምርት ገበያው በሥርዓቱ ይሸከመው የነበረው ጥበቃ በከፊል ወደ ሥራ አስኪያጆች ተመልሷል፤ ለመጋዘኑ፣ ለቡና ማጠቢያውና ለመረጃው ሥርዓት እናንተን የሚፈልጉት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ፣ ሴት ልጆቼ ሆይ፣ ናሙና ሲወሰድና ሚዛን ሲነበብ በቦታው ተገኙ፣ የምትጠብቁትን ውል ራሳችሁ ፈርሙ፤ ወንድ ልጆቼም፣ የተቀየመውን ሸሪክ ጌራ ድረስ ወርዶ ማነጋገርን ለእኅቶቻችሁ አትተዉ። እናንተም የምትቀጥሯቸው የድርጅት ኃላፊዎች፣ ሁለቱንም ሥራ ለሁለቱም ስጡ።