ነጥቦችን በምድር ሉል ላይ ስለ መደልደል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ለዚህ በዓል ከቢስቲማ ተማሪዎች ይዘን የቀረብነው ስጦታ አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም በምድር ሉል ላይ የተወሰኑ ነጥቦችን አንዱ ከሌላው በተቻለ መጠን እንዲራራቅ አድርጎ ማስቀመጥ እንዴት ይቻላል? የሚል ነው። ይህንኑ የሚሠራ አጭርና ያማረ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጽፎ የሚያመጣ እንዲገኝ ለውድድር አቅርበነዋል።

ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ስድስት ነጥብ የተሰጠው ሰው ሁለቱን በዋልታዎቹ፥ አራቱን በምድር ወገብ ላይ በየ90 ዲግሪው ቢያኖር ሥራው አለቀ። ነጥቦቹ አምስት ብቻ ቢሆኑስ? ቦታ ተለቅቆ ሳለ እርስ በርሳቸው ከ90 ዲግሪ በላይ ሁሉንም ማራራቅ አይቻልም! ስምንት ሲሆኑ ሁሉም ወደ ኩብ ማዕዘኖች ይሮጣል። ዳሩ ግን የላይኞቹን አራት በ45 ዲግሪ አዙረን ሁለቱን ረድፎች ጥቂት ወደ ወገቡ ብናቀርባቸው ከኩቡ ይበልጥ ይራራቃሉ። ብርቱካንና ስንጥር ያለው ቤቱ ሆኖ ይሞክረው።

ነጥቦቹ በመቶ ሲቆጠሩ ግን በስንጥር አይሆንም። በእኩል የኬክሮስና የኬንትሮስ ዲግሪ እንትከል የሚል ቢኖር፥ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ በምድር ወገብ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በ60ኛው ኬክሮስ ግማሹ ብቻ ስለ ሆነ ነጥቦቹ በዋልታ ይጨናነቃሉ። የሚሻለው ከላይ እስከ ታች በእኩል የከፍታ እርከን እየወረዱ በየእርከኑ 137 ዲግሪ ተኩል ያህል መዞር ነው። አርኪሜዴስ እንዳሳየው እኩል ከፍታ ያላቸው የሉል ቀለበቶች ስፋታቸው እኩል ነውና።

ይህ ለወላጆቻችን ጨዋታ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በግንቦት 1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ላይ ያለችው ካራ ቆሬ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች፤ ማጀቴም ፈረሰች። በ1961 ዓ.ም. በአፋር ሰርዶ እንደዚሁ ፈረሰች። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። ወረባቦም የአፋር ጎረቤት ነው።

አንድ መመዝገቢያ ጣቢያ ፈጣኑ ሞገድ ከዘገምተኛው ስንት ሴኮንድ እንደ ቀደመ በመለካት ርቀቱን ያውቃል፤ አቅጣጫውን ግን ብቻውን በትክክል ለመናገር ይቸገራል። ስለዚህ የሦስት ጣቢያዎች ክበቦች የሚገናኙበት ይፈለጋል። ሦስቱም በአንድ ወገን ቢሰለፉ ክበቦቹ ተቀራርበው ስለሚተላለፉ ቦታው ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። አባ ፒየር ጉዋን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያቋቋሙት የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ከመቶ በላይ ጣቢያዎች ባሉት የዓለም መረብ ውስጥ የገባው፥ በዚህ የምድር ክፍል ክፍተቱን የሚሞላ ስለ ነበረ ነው። ከምድር ገጽ 71 በመቶ ያህሉ ባሕር በመሆኑ ሒሳቡ የመረጠው ነጥብ ብዙ ጊዜ ውኃ ላይ ያርፋል፤ ያን ጊዜ ደሴት መፈለግ ነው።

ስለዚህ ውድድራችን ሁለተኛ ክፍል አለው። ለወሎና ለአፋር አሥር መመዝገቢያዎች ቢሰጧችሁ የት ትተክሏቸዋላችሁ? ገደሉን፥ በረሃውን፥ ጠባቂ የሚገኝበትንም መንደር አስቡ። ፕሮግራሙን ከካርታው ጋር ለክበባችን ጸሐፊ ስጡ።