ዓይን ያልወደደው ሁሉ ወንጀል ነውን?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ነውርና ስለ ወንጀል ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱን አንድ እናደርጋቸዋለን። ግን አንድ አይደሉም።

እስቲ በገበያ ቀን አቦምሳ ላይ ቆመናል እንበል። ገበሬው እህሉን በአህያ ጭኖ መጥቷል። አንዲት ልጅ ከአዳማ ከመጣ አውቶቡስ ትወርዳለች። የለበሰችው ሱሪ ነው፤ ፀጉሯንም አልሸፈነችም። ኦሮሞው አባት «ሰፉ!» ይላሉ። አማራዋ እናት «ነውር ነው!» ይላሉ። ቅር መሰኘት ያለ ነገር ነው፤ ቅር ያለውን ሰው ማንም አይከሰውም። ነገር ግን አንዱ ጎረምሳ ዱላውን አንሥቶ «እኔ እቀጣታለሁ» ቢልስ? ያን ጊዜ ወንጀለኛው ማነው? ልጅቷ ናት ወይስ ጎረምሳው?

መልሱ በሕግ ተጽፏል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ አንቀጽ 2 እንደሚለው፣ ሕግ ወንጀል ነው ያላለውን ድርጊት ፍርድ ቤት እንኳ ሊቀጣበት አይችልም። ታዲያ ዳኛ ያላገኘውን ሥልጣን ጎረምሳው ከየት አመጣው? ሱሪ ለበስሽ ብሎ የሚቀጣ አንቀጽ የለም። ሰውን መደብደብ ግን ወንጀል ነው።

ሕግ ስለ ጨዋነት ግድ የለውም ማለት አይደለም። የግብረ ሥጋ ድርጊት በአደባባይ የሚፈጽም ሰው በአንቀጽ 639 ይቀጣል። ቢሆንም የሚቀጣው ፍርድ ቤት ነው እንጂ መንገደኛ አይደለም።

በዚህ ነገር የተማረውም ሰው ተሳስቷል። በ1960 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የልብስ ትርዒት ተዘጋጅቶ ነበር። ብዙ ተማሪዎች «ይህ የባዕድ ባህል ነው» ብለው ተቆጡ። ቁጣው ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ግን እንግዶቹን ሰደቡ፤ ገፈታተሩም። ክብራችንን እናስጠብቃለን ብለው የሰው ክብር ነኩ።

አሁን ደግሞ ነገሩን ገልብጠን እንየው። ዓይን ያልለመደው ሁሉ ወንጀል እንዳልሆነ፣ ዓይን የለመደውም ሁሉ ንጹሕ አይደለም። በአርሲም ሆነ በሌላው አገር ስንት ሰው ጠለፋን እያየ ዝም ብሏል! በ1949 ዓ.ም. የወጣው ሕግ እንኳ ጠላፊው ልጅቷን በደንብ ካገባት አይከሰውም ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ እዚሁ አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ተጠለፈች። ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን በጥይት ገደለችው። ተከሰሰች፤ በኋላም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ በነፃ ተለቀቀች። ዛሬ ጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ይፈረድበታል። ቢያገባትም አይድንም።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ሲያስከፋን ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ሕግ ከልክሎታል ወይ? የተጎዳ ሰው አለ ወይ? መቅጣቱስ የኔ ሥራ ነው ወይስ የዳኛ? የተጎዳ ካለ እንድረስለት፤ ለፖሊስም እንናገር። የተጎዳ ከሌለና ሕግም ካልከለከለው፣ ያለን ምክር ነው። እሱም በለዘበ ቃል ይሁን። ዱላው ይቀመጥ።

ያለ ዱላ ጨዋነት ይጠፋል ብላችሁ አትፍሩ። ለሽማግሌ ከመቀመጫ ተነሡ የሚል ሕግ የለም። እኛ ግን እንነሣለን።