«ሐዋሽ» ማለት ምን ማለት ነው?

ወገኖቻችን፣ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ የጓዳ ቃል ነው። በጅጅጋ ገበያ «ሐዋሽ» ሲባል ሰምቶ የአዋሽ ወንዝ የሚመስለው እንግዳ አይጠፋም። አይገናኙም። ሐዋሽ በሶማሊኛ የሩዝና የሥጋ ቅመም ነው። ከሙን፣ ድንብላል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሄል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ አብረው ይፈጫሉ፤ እርድም ይጨመራል፣ ቢጫ የሚያደርገው እሱ ነው።

ቃሉ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። የመኖች ቅመማቸውን «ሐዋይጅ» ይሉታል፤ በዐረብኛ «የሚያስፈልጉ ነገሮች» እንደማለት ነው። ዕቃው ከዘይላና ከበርበራ ወደብ በግመል እየተጫነ ወደ ሐረር ይገባ ነበር። ስሙም አብሮ ገባ።

ቀረፋንም እንየው። ዐረቡ «ቂርፋ» ይላል፤ ያው ቅርፊት ማለቱ ነው። ሶማሌው «ቆርፌ»፣ አማራው «ቀረፋ» ይላል። ታዲያ ቀረፋ ለመግዛት አስተርጓሚ ምን ይሠራል?

ሐዋሽ ላይ ግን እንጠንቀቅ። አንዴ ከተፈጨ በኋላ የስንዴ ዱቄት ቢደባለቅበት ዓይን አይለየውም። ስለዚህ ፍሬ ፍሬውን ገዝተን ቤታችን ብንወቅጠው ይሻላል። የታሸገ ከሆነ ምን እንደገባበትና መቼ ጊዜው እንደሚያልፍ ከጀርባው እናንብብ። ጽሑፍ ከሌለው ባለሱቁን እንጠይቀው፦ «ወንድሜ፣ ሐዋሹ ውስጥ ምን ምን አለ?»