ፀሐይ ከወዴት ትወጣለች?

(በናይሮቢ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን መምህራን የተደረገ ንግግር)



ስለ ዕረፍት ጊዜ ጥቅም አንድ ነገር እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፣ ከመጻሕፍት የለቀምሁትን ምክር ይዤ ልቀርብ አስቤ ነበር። ነገር ግን ለመምህር ጉባኤ ምክር ከማብዛት ይልቅ የራስን ጥፋት መናገር ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ ስላመንሁ፣ በላሙ ደሴት ያየሁትን አንድ ማለዳና ያ ማለዳ ያስታወሰኝን አንድ ልጅ ላነሣላችሁ ወደድሁ።

በልጁ ልጀምር። ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ከመዛወሬ በፊት በአገራችን በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። አንድ ቀን በሰሌዳው ላይ «ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች፤ በምዕራብ ትጠልቃለች» ብዬ ጽፌ ተማሪዎቹን በአንድ ድምፅ ሳስደግም፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ እረኛ ልጅ እጁን አነሣ። «ጋሼ፣ በሰኔ ፀሐይ የምትወጣው ከዋርካው በስተግራ ነው፤ በገና ሰሞን ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በስተቀኝ ነው። ታዲያ ምሥራቅ የቱ ነው?» አለኝ። እኔም መልሱን ስለማላውቅ፣ አለማወቄንም ለመግለጥ ስላፈርሁ፣ «አንተ የተጻፈውን ገልብጥ» ብዬ ተቈጣሁት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ልጁ ተቀመጠ፤ ዓመቱ እስኪያልቅ ድረስም በእኔ ክፍል ዳግመኛ እጁን አላነሣም።

ይህን ነገር ረስቼው ኖርሁ። በ2016 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ከናይሮቢ በባቡር ወደ ሞምባሳ፣ ከሞምባሳ በአውቶቡስ እስከ ሞኮዌ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ ላሙ ተሻገርሁ። ላሙ እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ጥንታዊት የስዋሂሊ ከተማ ናት። መንገዶቿ ጠባብ ስለ ሆኑ ዕቃው በብዛት የሚጓዘው በአህያ ጀርባ ነው።

ፀሐይ ከባሕር ስትወጣ ለማየት ከአንድ ሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊ ጋር ተዋዋልሁ። ሽማግሌውም «ነገ በሳኣ ኩሚ ና ሞጃ እንገናኝ» አሉኝ፤ ይኸውም በ11 ሰዓት ማለት ነው። በእንግዳ ማረፊያው አብሮኝ ያደረ አንድ የባሕር ማዶ ሰው ይህን ሲሰማ ቀጠሮው ለረፋድ መስሎት፣ ፀሐይዋ ከወጣች በኋላ መሄድ ምን ይጠቅማል ብሎ ተገረመ። ለእኔ ግን ምንም ስሌት አላስፈለገኝም። ስዋሂሊዎችም እንደ እኛ ሰዓትን የሚቈጥሩት ከንጋት ጀምሮ ነውና ከንጋቱ 11 ሰዓት ማለታቸው እንደ ሆነ ወዲያው ዐወቅሁ። «ሳኣ» የሚለው ቃላቸውም ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን የእኛው «ሰዓት» ዘመድ ነው። ላሙ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ሁለት ዲግሪ ያህል ብቻ የራቀች ስለ ሆነች ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው፤ እንዲህ ባለ አገር ቀኑን ከፀሐይ መውጫ መቍጠር እንደምን የተስማማ ነው! በባዕድ አገር፣ በጨለማ ውስጥ፣ የአገሬን ሰዓት በሌላ ቋንቋ መስማቴ ልቤን ደስ አሰኘው።

ገና ከዋክብት ሳይጠፉ ተነሥተን ወደ ሼላ መንደር ቀዘፍን። በዚያ ወራት የሚነፍሰው፣ ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ፊታችንን ያቀዘቅዘው ነበር። ሰማዩ መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎም ቀላ። 12 ሰዓት ከ10 ገደማ ሲሆን ፀሐይዋ ከውቅያኖሱ ጠርዝ ብቅ አለች። ናይሮቢ ከላሙ በስተምዕራብ አራት ዲግሪ ያህል ስለምትርቅ፣ ምድርም አንዱን ዲግሪ በአራት ደቂቃ ስለምትዞር፣ ይህችኑ ፀሐይ ለማየት የናይሮቢ ሰዎች ሩብ ሰዓት ያህል ይቀራቸው ነበር።

እኔም እንደ መምህር ልማዴ የአቅጣጫ መጠቆሚያውን አውጥቼ ብመለከት፣ ፀሐይዋ ከምሥራቅ ነጥብ ወደ ደቡብ ከ20 ዲግሪ በላይ ርቃ ኖሯል። ደንግጬ «አባቴ፣ ሁልጊዜ የምትወጣው ከዚህ ነውን?» ብዬ ጠየቅሁ። ሽማግሌው ፈገግ ብለው «ምዋሊሙ፣ በሰኔማ በወዲያ ነው» ሲሉ እጃቸውን በስተግራ ወደ ማንዳ ደሴት ዘረጉ። «ምዋሊሙ» መምህር ማለት ነው። በዚያች ሰዓት ግን መምህሩ እኔ አልነበርሁም። ያን ጊዜ ነው የእረኛው ልጅ ድምፅ ከስንት ዓመት በኋላ በጆሮዬ የጮኸው፤ ዋርካውና ቤተ ክርስቲያኑ በዐይኔ የመጡት።

ልጁ እውነቱን ነበር። የምድር ዛቢያ 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ያዘነበለ ስለ ሆነ፣ ፀሐይ በትክክል ከምሥራቅ ነጥብ የምትወጣው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በመስከረምና በመጋቢት ወር ነው። በሌላው ጊዜ የመውጫዋ ቦታ በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይሄዳል። ስለዚህም በናይሮቢም ሆነ በአዲስ አበባ የሰኔ የቀትር ጥላችን ወደ ደቡብ፣ የታኅሣሥ ግን ወደ ሰሜን ያዘነብላል። «ምሥራቅ» ማለት ራሱ በግእዝ መውጫ ማለት ነው። እኔ ቃሉን በሰሌዳ ላይ ጻፍሁት እንጂ መውጫውን አንድ ቀን እንኳ ወጥቼ አላየሁትም ነበር። ልጁ ግን ከብቶቹን ሲያሰማራ በየማለዳው ሲያየው ኖሯል።

ወዳጆቼ ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ ለምለማመዱ መምህራን ሁሉ አንድ ሥራ እሰጣለሁ። እያንዳንዱ ሰው አንድ የቆመበትን ቦታ ይመርጣል፤ ከፊቱ የሚታየውን ዛፍ፣ ጣሪያና ኰረብታ በወረቀት ይሥላል፤ በየሳምንቱም ፀሐይ የወጣችበትን ቦታ በሥዕሉ ላይ ምልክት ያደርጋል። ወረቀትና እርሳስ እንጂ ሌላ ገንዘብ አያስፈልገውም። ሥራው ሲፈጸም፣ «እንግዲህ አንድ ሕፃን ስለዚህ ነገር ቢጠይቃችሁ ምን ትሉታላችሁ?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ከሁሉ የምወደው መልስ «አላውቅም፤ ነገ ማለዳ አብረን እንየው» የሚለው ነው።

ያ ልጅ አሁን ጐልማሳ ሆኖ ይሆናል። የት እንዳለ አላውቅም። እርሱን ይቅርታ ለመጠየቅ ባልችል፣ እናንተ ነገ በክፍላችሁ እጁን ለሚያነሣው ልጅ ጊዜ ብትሰጡት፣ ዕዳዬ በጥቂቱ የተከፈለልኝ ያህል እቈጥረዋለሁ።