ትንሹ አውሮፕላንና ልጆቻችን

በማኅበራችን የአሥረኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



 ስለ ዕድሩና ስለ አማርኛ ትምህርቱ ሌሎች በሰፊው ስለሚናገሩ፣ እኛ ታክሲ ነጂዎች ለብዙዎቻችሁ እንግዳ የሚመስል ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ይኸውም በባትሪ የሚሠራ፣ በሪሞት የሚበር ትንሽ ሞዴል አውሮፕላን ነው። «የልጅ መጫወቻ አይደለም ወይ?» የሚል ቢኖር፣ አዎን፣ የልጅ ነው፤ ነገር ግን ያለ ወላጅ በደንብ አይበርም።

ከመካከላችን ብዙዎቻችን ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሳንጨርስ በስደት መሪ የጨበጥን ነን። ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ በአናታችን የሚያልፈውን አውሮፕላን እያየን፣ ድሮ በፊዚክስ ክፍል የተማርነውን እያነሣን ስንከራከር እናመሻለን። ቤት ስንገባ ግን ልጆቹ ተኝተዋል፤ ስንነሣ ትምህርት ቤት ሄደዋል። እሑድ ብንገናኝም እነሱ በስልካቸው፣ እኛ በዜናችን ነን። የምናውቀውን የምናካፍልበት፣ እነሱም የሚያውቁትን የሚያሳዩን አንድ የጋራ ሥራ ያስፈልገናል። ይህን ሐሳብ ያመጣነው ስለዚህ ነው።

ደግሞም ሰማዩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። (የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከኒር ኢስት ሳይድ በስተደቡብ ባለው ድራይቪንግ ፓርክ፣ ኖቬምበር 7 ቀን 1910 ከዴይተን የተነሣ የራይት ወንድማማቾች አውሮፕላን የሐር ጨርቅ ጭኖ አርፏል፤ የንግድ ዕቃ በአውሮፕላን ሲጓጓዝ የመጀመሪያው እርሱ ነው ይባላል። በቱስኪጊ የተማረው የቺካጎው ጥቁር አብራሪ ጆን ሮቢንሰን በ1935 ወደ አገራችን ሄዶ ትንሹን የአየር ኃይላችንን መራ። በዚያው በቱስኪጊ የሠለጠኑት ጥቁር አብራሪዎችም ከ1946 እስከ 1949 የሰፈሩት እዚሁ ከኮሎምበስ በስተደቡብ በሎክበርን ጦር ሰፈር፣ ዛሬ ሪከንባከር በሚባለው ቦታ ነበር። በ1935 አዲስ አበባ ውስጥ በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር መሪነት የተሠራችው፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው አውሮፕላንም በጦርነቱ ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ፣ በጃንዋሪ 2024 ለአገሯ በቅታለች። ልጆቻችን ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በእጃቸው ይዘው ቢሰሙት ይበልጥ ይገባቸዋል።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ቀድሞ ሞዴል አውሮፕላን ማብረር ብዙ ትዕግሥትና ገንዘብ የሚጠይቅ ነበር። ከቀላል እንጨት ወራት ፈጅቶ የተሠራው አውሮፕላን በነዳጅ ሞተር ተነሥቶ በአንድ ውድቀት ስንጥር ይሆናል። እንግሊዛዊው ኮሎኔል ታፕሊን በ1957 በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ ሞዴል በሬዲዮ አብርሮ ነበር፤ ሆኖም የዚያን ጊዜ ባትሪ ከባድ ስለነበረ ነገሩ ለብዙኃኑ አልደረሰም። ቀላልና ብርቱ የሆነው የሊቲየም ባትሪ፣ ትንሹ ጠንካራ ሞተርና ሲወድቅ በቀላሉ የማይሰበረው ፎም ከተገኙ በኋላ ግን ማንም ጀማሪ ሊሞክረው የሚችል ሆነ።

ታዲያ የትኛው ይገዛ? ልጁ ተዋጊ ጄት የሚመስለውን መምረጡ አይቀርም። እርሱ ፈጣን ነው፤ አንዴ ካዘነበለ ራሱን አያቃናም፤ ለጀማሪ አይሆንም። የመጀመሪያው አውሮፕላን ክንፉ ከገላው በላይ የተቀመጠ፣ የክንፎቹም ጫፍ ወደ ላይ ቀና ያለ ይሁን፤ እንዲህ ያለው አንዱ ጎኑ ሲያዘነብል ክንፉ መልሶ ያቃናዋል። ቀላልና ዝግተኛ ይሁን። ጣት ከእጀታው ሲነሣ ራሱን የሚያስተካክል መሣሪያ በውስጡ ቢኖረው ደግሞ በጣም ይረዳል። ለምሳሌ ሆቢዞን ስፖርት ከብ የሚባለው ክብደቱ 60 ግራም ገደማ ነው፤ ከፍ ያለውን ለሚሻ ደግሞ ኤሮስካውት የሚባለው ፕሮፔለሩ ከኋላ ስለሆነ በአፍንጫው ቢወድቅም ፕሮፔለሩ ቶሎ አይሰበርም። ከመግዛታችሁ በፊት መለዋወጫ ክንፍና ጅራት ለብቻው እንደሚሸጥ አረጋግጡ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ማብረር ችኮላ አይወድም። ነፋስ በሌለበት ማለዳ ሰፊ ሣር ያለበት ቦታ ይመረጥ። መጀመሪያ ሪሞቱ ይከፈታል፣ ቀጥሎ የአውሮፕላኑ ባትሪ ይገጠማል፤ ሲጨረስ ግን መጀመሪያ ባትሪው ይነቀላል። ከመነሣቱ በፊት ክንፉና ጅራቱ ለሪሞቱ በትክክል መታዘዛቸው ይታይ። አነሣሡም አወራረዱም ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ነው። ከተነሣ በኋላ ከፍ ብሎ ይቆይ፤ መሬት ከራቀ ለማቃናት ጊዜ አለ። ጀማሪን የሚያደናግረው አውሮፕላኑ ወደ እኛ ሲመጣ ቀኝና ግራው መገልበጡ ነው። ያን ጊዜ መላው ይህ ነው፦ ክንፉ ወደ ወረደበት ጎን እጀታውን መግፋት። መውደቁ ካልቀረ ደግሞ ሞተሩን ማጥፋት ነው፤ ፕሮፔለሩንም ሞተሩንም ያድናል።

በባትሪው ላይ ቀልድ የለም። የሊቲየም ባትሪ በራሱ ቻርጀር ብቻ፣ ሰው እያየው ይሞላል፤ ማታ ሰክቶ መተኛት አይገባም። ያበጠ ባትሪ ከጥቅም ውጭ ነው። በበጋ ሙቀት በተዘጋ ታክሲ ውስጥም አይተው፤ ይህን ለባልደረቦቻችን በተለይ እንናገራለን።

ሕጉም ይታወቅ። ኤፍ.ኤ.ኤ. የሚባለው የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ለመዝናኛ የሚበረረውን ከ250 ግራም በታች የሆነ አውሮፕላን አስመዝግቡ አይልም፤ ነፃ የሆነውን አጭር የኢንተርኔት ፈተና ማለፍ ግን ለሁሉም ግዴታ ነው። ሰፈራችን ለጆን ግሌን ኤርፖርት ቅርብ ስለሆነ አየሩ ቁጥጥር አለበት፤ አውሮፕላኑ ምንም ያህል ቢቀል አስቀድሞ በስልክ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። የፓርኩም ደንብ ይጠየቅ። ጣሪያ ያለው አዳራሽ ውስጥ ግን የኤፍ.ኤ.ኤ. ሕግ አይደርስም፤ ስለዚህ የኦሃዮ ክረምት እንኳ አያግደንም።

የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ማኅበሩ ቀለል ያሉ ሁለት አውሮፕላኖችና ትርፍ ባትሪዎች ይግዛ፤ አንዱ ከነሪሞቱ ከሁለት መቶ ዶላር ባነሰ ዋጋ ይገኛል። በክረምት ወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሽ እንከራይ፤ በበጋ ፈቃድ አግኝተን ሜዳ እንውጣ። ልጁ ሪሞቱን ይያዝ፤ ወላጁ ከጎኑ ቆሞ በአማርኛ «ቀና አድርገው፣ ዝቅ አድርገው፣ ነፋሱን ተመልከት፣ ቀስ በል» ይበለው። ልጆቹ ጣታቸው ከእኛ ይፈጥናል፤ እኛ ደግሞ አውሮፕላኑ ለምን እንደሚነሣ እናስረዳለን። አባቱ ሥራ ላይ የሆነበት ወይም እዚህ የሌለው ልጅ ቢኖር፣ ከእኛ አንዱ ከጎኑ ይቆማል። ሴቶች ልጆቻችንም ወደ ኋላ አይቅሩ፤ በ1964 ብቻዋን አውሮፕላን አብርራ ዓለምን የዞረች የመጀመሪያይቱ ሴት ጄሪ ሞክ፣ የጎረቤታችን የቤክስሊ ነዋሪ ነበረች፤ የተነሣችውም እኛ ዛሬ ተራ ከምንጠብቅበት ኤርፖርት ነው።

ከእነዚህ ልጆች ሁሉም መሐንዲስ ወይም አብራሪ ይሆናሉ አንልም። ነገር ግን ክንፉን በማጣበቂያ ሲጠግኑ፣ ወላጆቻቸው ከመሪው ሌላ የሚያውቁት ነገር እንዳለ ያያሉ። እኛም አቋርጠን የመጣነው ትምህርት ለአንድ ሰው እንደሚደርስ እናያለን። ለዚህ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ብዙ አይደለም።

ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት ለማኅበሩ ጸሐፊ ስጡ።  ማኅበራችንን ለሚቀጥሉት አሥር ዓመታትም በሰላም ያድርሰው።