«በ300 አድርገህ ላክልኝ»፦ ስለ ፎቶ ፒክስልና ስለ ኅትመት መጠን የቀረበ ዲስኩር



ከማተሚያ ቤት ጋር የሠራ ሁሉ «በ300 አድርገህ ላክልኝ» የሚለውን ትእዛዝ ያውቀዋል፤ በኢንች 300 ፒክስል ማለት ነው። እኔም ለዓመታት ሳልጠይቅ ታዝዣለሁ። አንድ ቤተሰብ ለእናታቸው የ40 ቀን መታሰቢያ ፎቶዋን ባለ 60 ሴንቲ ሜትር አድርጌ እንዳሳድግ ሰጠኝ። በቴሌግራም የመጣ ነበር፤ ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክስል። ፎቶሾፕ የሪዞሉሽን ሣጥን ውስጥ 72 የሚለውን አጥፍቼ 300 ጻፍሁና ላክሁ። ታትሞ ሲመጣ የእናትየዋ ፊት በሰም የተለበጠ ይመስል ነበር። ልጆቿ ምንም አላሉኝም፤ ዝምታቸው ግን እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ጥፋቱ የኔ ነው። ዲጂታል ፎቶ በተፈጥሮው ኢንችም ሴንቲ ሜትርም የለውም፤ ያለው ፒክስል ብቻ ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ 6000 በ4000 ፒክስል ይሰጠናል። ይህን በኢንች 300 ብንለው 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይኖረዋል፤ 72 ብንለው ከ2 ሜትር ያልፋል። በፎቶው ላይ ግን አንዲት ነጥብ አልተጨመረችም፣ አልተቀነሰችም። አንድ ጣሳ ሊጥ በሰፊ ምጣድ ሲዘረጋ ይሳሳል እንጂ አይበዛም። የኔው ፎቶ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲዘረጋ በኢንች የሚደርሰው 54 ፒክስል ብቻ ነበር። የጎደለውን ፎቶሾፕ ከጎረቤት ነጥቦች እየገመተ ሞላው፤ ሰሙ የመጣው ከዚያ ነው።

72 ራሱ ከየት መጣ? በ1984 የወጣው የአፕል ማኪንቶሽ ስክሪን በኢንች 72 ነጥብ ነበረው፤ የፊደል መለኪያ የሆነው ፖይንት የኢንች 1/72ኛ ስለሆነ ይገጥምለታል። የዛሬ ስልኮች ብዙዎቹ በኢንች ከ300 ነጥብ በላይ አላቸውና «ለኢንተርኔት 72» የሚለው ምክር ጊዜው አልፎበታል።

300ም ቢሆን ዓይናችን በመጽሐፍ ማንበቢያ ርቀት ነጥቦቹን መለየት የሚያቅተው በዚያ አካባቢ ስለሆነ የተለመደ ቁጥር ነው። ከመንገድ ማዶ ለሚታይ ባነር አይሠራም። ባለ 3 ሜትር ባነር በ300 ይሁን ካልን ከ35,000 በላይ ፒክስል ስፋት ያስፈልገናል። የትኛው ካሜራችን ይሰጠናል? ለባነር 300 የሚጠይቅ ሰው፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሒሳቡን አልሠራም።

እንግዲህ ኤክስፖርት ስናደርግ፣ ለስልክና ለድረ ገጽ ከሆነ የረጅሙን ጎን ፒክስል እንጻፍ፤ 2048 ለብዙ ነገር ይበቃል። የሪዞሉሽኑ ሣጥን የፈለገውን ይበል። በቅርብ ለሚታይ ኅትመት ከሆነ የወረቀቱን መጠንና 300ን እንስጥ፤ ላይትሩም ላይ ግን «ዶንት ኢንላርጅ» የምትለዋን ምልክት ማድረግ አይረሳ። ፎቶ ሲላክላችሁም በቴሌግራም እንደ ፋይል እንዲላክ ለምኑ፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል።

ማተሚያ ቤቱም «300 ነው ወይ?» ሲላችሁ፣ «ስንት በስንት ሴንቲ ሜትር ነው የምታትመው?» ብላችሁ መልሱለት።