ለቅሶ ላይም የማያርፍ ዓይን

ፎቶ አንሺ ለቅሶ ላይም ዓይኑ አያርፍም። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ለቀብር ቢቆም የተዘቀዘቀው ነጠላ፣ በጽድ ዛፎቹ መሀል የሾለከው ብርሃን፣ ሐዘንተኛዋ ደረቷ ላይ የያዘችው ፎቶ ይታየዋል። ነውር ነው? አይመስለኝም፤ ማየትም አንድ ማዘን ነው።

ፎቶ አንሺው ሚካኤል ጸጋዬ መጀመሪያ ሠዓሊ ነበር፤ የዘይት ቀለም አለርጂ ሆነበትና ካሜራ ያዘ። በአዲስ አበባ መቃብሮች ሐውልት ላይ የተለጠፉ፣ ፀሐይና ዝናብ ያደበዘዛቸውን የሟቾች ፎቶዎች መልሶ አነሳ። መልካቸው ሁለተኛ ጊዜ ሳይሞት ደረሰላቸው ልበል?

የሚጠፋው የሰው መልክ ብቻ አይደለም፤ የፒያሳም ብዙ አሮጌ ቤቶች በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል። የቀረውን፣ ዛሬ በዚያው በአራዳ የምታልፉ፣ ቆም ብላችሁ እዩ። ሐዘንተኛ ካለ ግን፣ አደራ፣ ስልካችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አስፈቅዱ።